የአሺል መደብ

እኛ ሰፈር ክሪሳንተም ይዞ ሰው ቤት የሚሄድ የለም። የሙታን አበባ ነው። አንድ ጊዜ ከሌላ አገር የመጣ ወጣት ሐኪም፣ ምሳ የጠራችው አንዲት በሽተኛ አሮጊት ቤት ትልቅ ነጭ ክሪሳንተም ታቅፎ ቢሄድ፣ ሴትዮዋ በር ላይ እንዳየችው ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ዶክተር፣ አይደብቁኝ፣ ምርመራው ምን አለ?» አለችው ይባላል። የእኔ እንጀራ ግን ይኼው አበባ ነው። አማቶቼ ባቆሙት የመስታወት ቤት ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የምለፋው ለአንዲት ቀን ነው፤ በኖቬምበር መባቻ ለሚውለው ለቅዱሳን ሁሉ በዓል። በዚያን ቀን በፍላንደርስ ምድር አበባ የሌለበት መቃብር ካየህ፣ ወይ ሟቹ ዘመድ የለውም፣ ወይ ዘመዶቹ ይሉኝታ የላቸውም። ከቀኑ በኋላ የሚያብበውን ደግሞ በነጻ ብትሰጥም የሚወስድልህ የለም።

አሺል የመጣው ብርዱ ለቀቅ ሲያደርግ ነው። ብስክሌቱን እየገፋ መጥቶ በሬ ላይ ቆመ። አሺል ብስክሌት ጠጋኝ ነው፤ በመንደሩ ውስጥ በእሱ እጅ ያላለፈ ጎማ የለም። ልጁ ቬርለ በዚያው በብርዱ ወራት ነበር የሞተችው፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። የደም በሽታ ነው አሉ። ታመመች ሲሉን ልንጠይቃት ስንነሳ፣ ሞተች አሉን። አንድ ልጅ ነበረቻቸው።

በቀብሯ ዕለት አሺል እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ ከሳጥኑ ኋላ መጣ። ጸሎቱ አልቆ ሳጥኑ ወደ መቃብሩ ሲዞር፣ እሱ ወደ ቤቱ ዞረ። ሚስቱ ማሪየት በወንድሟ ክንድ ተደግፋ ልጇን ቀበረች። ከዚያ ወዲህ አሺል በመቃብሩ አጠገብ እንኳ አያልፍም፤ ዳቦ ቤት ለመሄድ በወፍጮው በኩል ዞሮ ነው። መንደሩ አወራ። እኔም አውርቻለሁ፣ ምን እዋሻለሁ።

«ጎደሊቭ፣ አበባ ማሳደግ አስተምሪኝ» አለኝ።

«ለምንህ? ሲደርስ ገዝተህ አትሄድም?»

«ለልጄ የገዛሁት ነገር የለም። ብስክሌቷን እንኳ ከወዳደቀ ብረት እኔው ነኝ የሠራሁላት።» ቆቡን አውልቆ መልሶ አደረገው። «ለማሪየት ቃል ገብቻለሁ። ለቅዱሳን ሁሉ በእጄ ያሳደግሁትን ይዤ፣ ከእሷ ጋር እሄዳለሁ ብያታለሁ።»

«ወዴት?» አልኩት። ከአፉ ልሰማው ፈልጌ ነው፤ ክፉ ነኝ አንዳንዴ።

«እዚያ» አለ።

በማግስቱ ማሪየት ራሷ መጣች። ቁጭ በይ ብላት እምቢ አለች።

«እባክሽ እሺ በይው» አለችኝ። «እሑድ እሑድ ብቻዬን ነው የምሄደው። ሰው ያየኛል፣ እሱስ ግድ የለኝም። ግን እሱ እዚያ ካልቆመ፣ ጎደሊቭ፣ ልጄን ብቻዬን የወለድኳት ይመስለኛል።»

ይህን ሰምቶ እምቢ የሚል ካለ እሱ ሰው አይደለም። ከዋናው የመስታወት ቤት ጎን ያለችውን፣ አማቴ ቲማቲም ታበቅልባት የነበረችውን ትንሿን ክፍል ለቀቅሁለት። የአበባ ፖት የሚደረደርበት አንድ መደብ አላት፣ ከላይ የሚከፈት መስኮት፣ ከታች የቧንቧ ውኃ። የአሺል መደብ አልናት።

ስንት ሰው አስተምሬያለሁ። ከእርሻ ትምህርት ቤቱ የሚልኳቸው ልጆች ጆሯቸው ላይ ሽቦ ሰክተው ይመጣሉ፣ ሽቦውን ሳያወልቁ ይሄዳሉ። አሺል ግን የሚጠይቀው መከራ ነው። ቁርጥራጩን ግንድ አፈር ውስጥ ስንተክል ለምን ይኼን ያህል ይጠልቃል ይላል። ውኃ መጠማቱን ፖቱን አንሥተህ በክብደቱ ትለያለህ ስለው፣ የራሱን ፖቶች አንድ በአንድ እያነሣ ሲመዝን ይውላል። ሥሩ ወዴት እንደሚሄድ ለማየት አንዱን ችግኝ ከነአፈሩ ገልብጦ አገኘሁትና ጮኽኩበት።

«አሺል፣ ብስክሌት እኮ አይደለም! ፈትተህ አትገጥመውም፣ ተወው ይደግ!»

«ማንኛውም ነገር የሚዞርበት ምክንያት አለው» አለኝ፣ ጣቱ ላይ ያለውን አፈር እያየ። «እሱን ካወቅሽ ሌላው ቀላል ነው።»

«እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሳላውቀው ነው የማበቅለው።»

«ለዚህ ነዋ ፊትሽ የማይፈታው» አለኝ። ከቀብሩ ወዲህ ሲቀልድ የሰማሁት ያኔ ነው። ደስ አለኝ፣ ግን አላሳየሁትም።

ችግኞቹ ክንድ ሲያክሉ ጫፋቸውን መቁረጥ አለብህ አልኩት። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዘህ ቀንጠስ፣ በቃ። አንዱን ቆርጬ አሳየሁትና ወደ ሥራዬ ሄድኩ። ስመለስ እንደቆመ ነው፣ አንድም አልነካም።

«ይኼን የመሰለ ጫፍ?» አለ።

«ካልቆረጥከው ተመዞ ይቀራል፣ ነፋስ ይጥለዋል። ሲቆረጥ ነው ከጎን የሚያቆጠቁጠው። ሰው እንዳይመስልህ እባክህ፣ ሳር ነው!»

የመጨረሻውን ቃል መዋጥ ነበረብኝ፤ እሱ ግን ጎንበስ ብሎ መቁረጥ ጀመረ። ሁሉንም ቆረጠ። የተቆረጡትን ጫፎች እንደ እኔ መሬት ላይ አልጣላቸውም፣ ወደ ኪሱ ከተታቸው። ማሪየት በኋላ ልብሱን ስታጥብ ደርቀው አግኝታቸው ምን እንደሆኑ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ወደ መስኮቱ ዞራ ወሬ ቀየረች።

የትምህርት ቤት እረፍት ወደ ማለቁ ሲደርስ ጥቁሩን ሸራ መሳብ እንጀምራለን። ይህ የሙያው ዋና ነገር ስለሆነ አስቀምጬ አስተማርኩት። ክሪሳንተም እምቡጥ የሚይዘው ቀኑ አጥሮ ጨለማው ሲረዝም ብቻ ነው። እኛ ሳይመሽ አስመሽተን ሸራውን እንስብበታለን፣ እሱም ብርዱ መጣ ብሎ ቅጠል ማብቀሉን ይተውና ወደ አበባ ይዞራል። ጨለማው ከተቋረጠ ግን ድካምህ ሁሉ ገደል ገባ። አማቴ ታወራው የነበረውን ጨምሬ ነገርኩት፤ ሸራ ባልነበረበት ዘመን አንድ የቢራ ጫኝ ሹፌር ሌሊት ሌሊት ጠጥቶ እየመጣ፣ የመኪናውን መብራት ወደ መስታወቱ እንዳበራ መሪው ላይ እንቅልፍ ይወስደው ነበር፤ በዚያ ዓመት በዚያ በኩል ያለው ረድፍ አንዲት እምቡጥ ሳይይዝ ቀረ። አማቴ ሰውየውን በአካፋ አባረረችው።

«መብራቱ ብዙ ይቆይ ነበር?» አለ አሺል።

«ምን ብዙ? ጨለማውን መሐል ላይ መቁረጥ ነው እንጂ። ትንሽም ይበቃዋል። ሌሊቱ ገና አጭር ነው፣ በጋው አላለቀም ይልና ቅጠሉን ይቀጥላል።»

«እስከ መቼ ይቀጥላል?»

«መብራቱ እስካለ ድረስ።»

እኔ በሰካራሙ ሹፌር እየሳቅሁ ነበር። እሱ አልሳቀም፣ አመሰገነኝና ሸራውን አጣጥፎ ወጣ።

ቀኑ እያጠረ ሄደ። የእኔዎቹ ጥቅጥቅ ብለው እምቡጥ ያዙ። ትልቅ አበባ እንዲወጣ የጎን እምቡጦቹን የሚለቅሙ ሴቶች ቀጥሬ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ጎንበስ ብለን እንውላለን፣ ጥፍራችን ጥቁር ሆነ። የአሺል መደብ ግን አረንጓዴ ነው። ያለ መጠን ያማረ፣ የተንዠረገገ፣ ጤነኛ ቅጠል፤ አንዲት እምቡጥ የለችበትም።

መጀመሪያ የቅጠል ቅማል መሰለኝ። ቅጠሉን ገልብጬ በመነጽር አየሁት፣ ንጹሕ ነው። ከዚያ ማዳበሪያው በዝቷል ብዬ ከለከልኩት። ከዚያ ዘሩን ጠረጠርኩ፤ ችግኙን የሸጠልኝን ሰውዬ ስልክ ደውዬ ሰደብኩት። ምንም ያላጠፋ ሰው ነው፣ እስካሁን አያናግረኝም። አሺል ሸራውን በሰዓቱ ይስባል፣ በሰዓቱ ይገልጣል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። «ይደርሳል፣ አትጨነቂ» ይለኛል። ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ። አንድ ሰው ከልቡ ተማሪ ሆኖ መጥቶ፣ እሱንም ማስተማር አቃተኝ? ማሪየት ዘንቢሏን አንጠልጥላ በአጥሩ በኩል ስታልፍ፣ «እንዴት ነው፣ እየመጣ ነው?» ትለኛለች። «ትንሽ ዘግይቷል» እላታለሁ። ፊቷ ላይ ያለውን ተስፋ ማየት ስለማልችል፣ እሷ ስትመጣ ዕቃ ለማንሣት ጎንበስ ማለት ለመድኩ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ነፋስ ተነሣና የላይኛውን መስኮት ልዘጋ ወደ አሺል ክፍል ገባሁ። የሆነ ነገር ቀጭ ቀጭ ይላል። ከመደቡ ሥር ጎንበስ ብል፣ ከግድግዳው ሶኬት ላይ የተሰካ፣ መብራት በሰዓቱ የሚያበራና የሚያጠፋ ሰዓት አገኘሁ። እኔም አንድ አለኝ፤ በመንደሩ ዶሮ ያለው ሁሉ አለው። በብርዱ ወራት የዶሮ ቤቱን መብራት ያበራልናል፣ ዶሮዎቹ በጋ መስሏቸው መጣል እንዳያቆሙ። ሽቦውን በዓይኔ ተከተልኩት። በእግረ መደቡ አድርጎ፣ በብረቱ ተጠምጥሞ፣ ከሸራው ውስጥ ወዳለች ትንሽ አምፖል ይሄዳል። ሽቦው በየቦታው በብስክሌት ማሰሪያ በሥርዓት ታስሯል። ሰዓቱ የተሞላው ለእኩለ ሌሊት ነው።

መደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቆሽቴ አረረ።

ጠዋት ሲመጣ በሩ ላይ ጠበቅሁት። ዳቦውን በወረቀት ጠቅልሎ ይዟል።

«ይኼ ምንድን ነው?» አልኩት ሰዓቱን ፊቱ ላይ ይዤ።

«የዶሮ ቤት ሰዓት ነው።»

«መሆኑንማ አውቃለሁ! ታሾፍብኛለህ? ክረምት ከበጋ የለፋሁት፣ የሰው ስም ያጠፋሁት፣ ለአንተ ቀልድ ነው?»

«አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ» አለ በቀስታ።

«እንዲያብብ ነው ያስተማርኩህ!»

ዳቦውን መደቡ ላይ አስቀመጠ። ወደ እኔ አላየም፣ ቅጠሎቹን ነው የሚያየው።

«ካበበ ልወስደው ነው፣ ጎደሊቭ። ከወሰድኩት ደግሞ እዚያ ናት ማለት ነው። እንዲህ እንዳለ የማንም አይደለም፣ ቅጠል ነው። ጠዋት ስመጣ ትንሽ አድጎ አገኘዋለሁ።» እጁን ቅጠሉ ላይ አሳረፈ። «ዘንድሮ ቤቴ ያደገ ነገር የለም። ይኼ ብቻ ነው።»

ሰዓቱን ከፊቱ ዝቅ አደረግሁ። ካስተማርኳቸው ሁሉ የሙያውን መዞሪያ የያዘ እሱ ብቻ ነበር። ይዞትም ቀኑ እንዳይመጣ አስቆመበት።

«ማሪየትስ?» አልኩት።

«ማሪየት ጠንካራ ናት።»

«አይደለችም!» ብዬ ጮኽኩ። የሚለቅሙት ሴቶች ከወዲያ በኩል ቀና ብለው አዩን። «ማን ነገረህ? ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

ጎንበስ ብሎ አንድ የወደቀ ቅጠል ለቀመ። እዚያው ሰዓቱን መሬት ላይ ልከሰክሰው እጄን አነሣሁና መለስኩት። ያን ቀን ቢጠፋም እንኳ ለበዓሉ አይደርስም፣ እምቡጥ ወራት ይፈልጋል። እሱም ያውቃል። ሰዓቱን መደቡ ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ። ለማሪየት ልነግራት ስንት ጊዜ ተነሣሁ፣ ግን ምን ብዬ? ባልሽ ልጅሽ እንዳትሞት አበባ እየከለከለ ነው ልበላት? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

የበዓሉ ሳምንት እንደሁልጊዜው እብደት ነው። መኪናው እስከ ወፍጮው ይሰለፋል። ሰው ሁሉ ባልዲና ብሩሽ ይዞ መቃብር ሲያጥብ ሰንብቶ፣ እጁ በረኪና በረኪና እየሸተተ ይመጣና ከጎረቤቱ የሚበልጥ ፖት ይመርጣል። ከቢጫዎቹ መሐል የበለጠውን ለአሺል ደብቄ አስቀመጥኩ። ሰው ነው፣ በመጨረሻ ይጨክናል ብዬ።

በበዓሉ ጠዋት ማሪየት ጥቁር ካፖርቷን ለብሳ፣ ጓንት አድርጋ መጣች። ሰላም እንኳ ሳትለኝ ወደ ትንሿ ክፍል አቀናች። ስለ ቅማል የሚሆን ውሸት እያዘጋጀሁ ከኋላዋ ሮጥኩ።

ረስቼው ነው እንጂ፣ በመንደራችን በልጅነቷ እምቡጥ ያልለቀመች ሴት የለችም። ማሪየት በሩ ላይ ቆማ ቅጠሎቹን አየች። አምፖሏን አየች። ከዚያ በተገለበጠ ሣጥን ላይ የተቀመጠውን ባሏን አየች። ውሸቴን ዋጥኩት።

«መብራት አብርተህባቸዋል» አለች።

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ፣ አንድ ጓንቷን አወለቀችና አጠገቡ ሣጥኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እኔ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም።

«እኔስ አልጋዋን ያነጠፍኩት ይመስልሃል?» አለችው። «እንደ ተወችው ነው። ማበጠሪያዋ ላይ ጸጉሯ አለ፣ አልነካሁትም። አንተ ብቻ ነህ እንዴ? ግን እሑድ ሲሆን ተነሥቼ እሄዳለሁ። እዚያ ብርድ ነው፣ አሺል። ሁልጊዜ ነፋስ አለ። ሄጄ እቆምና ወሬ እነግራታለሁ፣ የሱቁን፣ የድመቷን። ከዚያ አባቴስ የምትለኝ ይመስለኛል።» ድምፅዋ እዚህ ላይ ተሰበረ። «ምን ልበላት? እ? አንተ ንገረኝ፣ ምን ልበላት?»

አሺል ሁለት እጁን ጉልበቶቹ መሐል አድርጎ መሬት መሬት ያያል። ማሪየት ተነሥታ ጓንቷን አጠለቀች።

በሩ ላይ ቢጫውን ፖት አቀረብኩላት። ራሷን ነቀነቀች።

«አባትሽ በእጁ ያሳደገውን ይዞልሽ ይመጣል ብያታለሁ» አለችኝ። «ገዝቼ ብሄድ ዋሽተሽኛል ትለኛለች። ባዶ እጄን እሄዳለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ደወሉ ተደወለ። መንደሩ በሙሉ መቃብሩ ውስጥ ነው፣ እያንዳንዱ በየዘመዱ ራስጌ ቆሟል። ነጭና ቢጫ ነው ምድሩ፣ ግማሹ ከእኔ ቤት የወጣ። እኔ በባሌ በሮጀር መቃብር አጠገብ ነበርኩ። ቄሱ ጠበል እየረጩ በረድፍ በረድፍ ይሄዳሉ። ማሪየት ከኋላ፣ በአዲሱ በኩል፣ አበባ በሌለው ድንጋይ አጠገብ ብቻዋን ቆማለች። የባሌ እህት በክርኗ ነካችኝ።

«አየሽ? አንዲት አበባ እንኳ! ምነው ቢያፍሩ።»

«አፍሽን ዝጊ» አልኳት፣ በዚያ በተቀደሰ ቀን።

ቄሱ አሮጌውን ክፍል ጨርሰው ሲዞሩ የብረቱ በር ተንቋቋ። አሺል ነው። የሥራ ጃኬቱን እንደለበሰ ብስክሌቱን አጥሩ ላይ አስደግፎ፣ ከኋላው ወንበር ላይ ያሰረውን ፖት ፈታ። አረንጓዴውን ነው ያመጣው። ታቅፎት ገባ።

ገባ ብሎ ቆመ። ወደ ቀኝ አየ፣ ወደ ግራ አየ። ከዚያ ወደ መጀመሪያው ረድፍ ሄዶ ጎንበስ አለና የድንጋዩን ጽሑፍ አነበበ። ወደሚቀጥለው አለፈ፣ ጎንበስ አለ፣ አነበበ። ቤተ ክርስቲያኑን ተጠግተው የተቀበሩ፣ እኛ ሳንወለድ የሞቱ ሰዎችን ስም ነው የሚያነበው። ምን እየሠራ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ቦታውን አያውቀውም። ቬርለ የት እንዳለች ያ ሁሉ ሰው ያውቃል፣ ሕፃናቱ ሳይቀሩ፤ የማያውቀው አባቷ ብቻ ነው።

ሰዉ መንገድ እየለቀቀለት ወደ ኋላ ይላል። በጣት ያሳየው ግን የለም። እኔም አላሳየሁትም፣ እጄ አልነሣ አለኝ። የሮጀር ድንጋይ ዘንድ ሲደርስ ስሙን አነበበና ቀና ብሎ አየኝ፤ ገበያ መሐል እናቱ የጠፋችበት ልጅ ነው የሚመስለው። አልፎኝ ሄደ። ቀጣዩን አነበበ። ቀጣዩን።

ማሪየት ያኔ ከቆመችበት ተንቀሳቀሰች። በመቃብሮቹ መሐል፣ የማንንም አበባ ሳትረግጥ፣ እስከ እሱ ድረስ መጣች። አልነቀፈችውም፣ አላቀፈችውም። እጇን ከፖቱ ሥር፣ ከእጁ አጠገብ አደረገች።

«የት ናት?» አላት።

«በዚህ ነው» አለችው። «ና፣ በዚህ በኩል ነው።»